ካምቢዮ ከመፍታታችሁ በፊት ዘይቱን እዩት

የአሮጌ ከባድ መኪና ካምቢዮ ልትጠግኑ ከሆነ ብሎን ለመፍታት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዘይቱን ንጹህ ሳህን ላይ ቅዱትና በጣታችሁ አሸት አሸት አድርጉት። ግራጫ ጭቃ መሰል ነገር ብዙም አያስደነግጥም፣ ቢጫ ብናኝ ካብለጨለጨ ግን ብዙ ጊዜ የሲንክሮናይዘሩ (ማርሽ ሲቀየር የማርሾቹን ፍጥነት የሚያመሳስለው ክፍል) ቀለበት እየተበላ ነው፣ የብረት ስባሪ ካገኛችሁ ደግሞ ወይ የማርሽ ጥርስ ወይ ኩሽኔታ ሄዷል።

ስትፈቱ እያንዳንዷን ነገር ፎቶ አንሱ፣ በተለይ ስስ ቀለበቶቹን። እኔ አንዴ «አልረሳውም» ብዬ አንዷን ገልብጬ ገጠምኩና ሙሉውን ካምቢዮ እንደገና ፈታሁት!

አዲስ ኩሽኔታ በመዶሻ አትቀጥቅጡ። ዘይት ውስጥ ነክራችሁ ወደ 100 ዲግሪ ካሞቃችሁት ዘንጉ ላይ ሸርተት ብሎ ይገባል። ጓንት ግን አድርጉ።