ልብስ ማድረቂያ ማሽን ስትገዙ

አውሮፓ ለምትኖሩና ቤታችሁ ልጆች ለበዙበት፦ ማድረቂያው በየቀኑ የሚሠራ ከሆነ ሂት ፓምፕ ያለውን ውሰዱ። ሞቃቱን አየር ወደ ውጭ ከመጣል ይልቅ ሙቀቱን መልሶ ስለሚጠቀምበት፣ የሚበላው መብራት ከድሮው ዓይነት ግማሽ ያህሉን ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት አዲስ ወደ ገበያ የሚገባው በተግባር ይኸው ዓይነት ብቻ ነው። የድሮው በቅናሽ ቢገኝ እንኳ ልዩነቱን በመብራት ሂሳብ ትከፍሉታላችሁ። ሂት ፓምፑ አንድ ጉድለት አለው፣ ቀርፋፋ ነው፤ ሙሉ ጭነት ለማድረቅ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ለ4 ወይም 5 ሰው 8 ኪሎ የሚይዝ ይበቃል። በሰዓት ቆጣሪ ብቻ የሚሠራውን ተዉት፤ የእርጥበት ሴንሰር ያለው ልብሱ ሲደርቅ ራሱ ያቆማል።

ዋናው ቁጠባ ግን ከማጠቢያው ይጀምራል፦ ጨርቁ ከቻለ በደቂቃ 1400 ዙር ጭመቁት። ውሃን በጭመቃ ማውጣት በሙቀት ከማትነን እጅግ ይረክሳል።

የብናኝ ማጣሪያውን በየጭነቱ አጽዱ፤ ከተደፈነ አየር አይዘዋወርም፣ ልብሱም እንደረጠበ ይቀራል። ማሽኑን ቀዝቃዛ ጋራዥ ውስጥ አታስቀምጡት። ሲጓጓዝ ተጋድሞ ከነበረ ደግሞ ለጥቂት ሰዓታት ቀጥ አድርጋችሁ ሳታቆሙት አትሰኩት፤ የኮምፕረሰሩ (የሂት ፓምፑ ሞተር) ዘይት ወደ ቦታው መመለስ አለበት።