ሚሞሪ ካርድ ድራይቨር ስትጽፉ ሬጉሌተር ላይ የማትሳሳቱት

ሊኑክስ ላይ ድራይቨር (ሃርድዌሩን የሚያሠራው ኮድ) ስትጽፉ ካርዱ አንዴ ከተነበበ ሥራው ያለቀ ይመስላል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ቦርዱን ነቅዬ ስሰካው ካርዱ ይነሳል፤ ሪቡት ሳደርገው ግን ቡትሎደሩ፣ ማለትም ከሊኑክስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም፣ ካርድ የለም ይለኛል። ሁለት ቀን የድራይቨሩን ኮድ ሳገላብጥ ዋልኩ፣ አመሸሁ። ጥፋቱ ለካ ዲቫይስ ትሪው ውስጥ ነው፤ ይህ የቦርዱን ሃርድዌር ለሊኑክስ የሚዘረዝር ፋይል ነው፦ የካርዱ ሬጉሌተር፣ ማለትም ቮልቴጁን የሚያቀርብለት ክፍል፣ «ሁልጊዜ የበራ» ተብሎ ተመዝግቧል።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ሬጉሌተሩን ማብራቱን አስበን ማጥፋቱን መርሳት። ዩኤችኤስ የሚባለው ፈጣን ካርድ ሲነሳ በ3.3 ቮልት ይነጋገርና በሲኤምዲ 11 ትእዛዝ ወደ 1.8 ይወርዳል። ከወረደ በኋላ ወደ 3.3 የሚመለሰው ኃይሉ ሲቋረጥ ብቻ ነው። ሬጉሌተሩ ካልጠፋ ካርዱ በ1.8 እንዳለ ቡትሎደሩ በ3.3 ይጠራዋል፣ ማን ይመልስለት። ማጥፊያውን መንካት ብቻም አይበቃም። መስመሩ ላይ ያለው ካፓሲተር ያጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪፈስ መጠበቅ አለበት፤ የኤስዲ ካርድ ስታንዳርዱ ቮልቴጁ ከ0.5 ቮልት በታች ሆኖ ቢያንስ 1 ሚሊሰከንድ እንዲቆይ ይላል። ኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጅ በጊዜ ሲለዋወጥ የሚያሳይ መሣሪያ) ካገኛችሁ ለኩት። የእኔ መስመር ሲወርድ ሳየው የዳገት ቁልቁለት ይመስል ነበር እንጂ ገደል አልነበረም።

ሁለቱን የኃይል መስመሮች ማምታታት ሌላው ስህተት ነው። ቪኤምኤምሲ ራሱን ካርዱን ይመግባል፣ ቪኪውኤምኤምሲ የሲግናል መስመሮቹን። ወደ 1.8 የሚወርደው ሁለተኛው ብቻ ነው። ቪኤምኤምሲን አብራችሁ ብታወርዱ ካርዱ ከሚሠራበት ከ2.7 እስከ 3.6 ቮልት ክልል ይወጣል።

ቆጠራውንም አትርሱ። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሬጉሌተር ስንቴ እንደበራ ይቆጥራል፤ አንድ ላበራ አንድ ማጥፋት። ድራይቨሩ ውስጥ ኃይሉንና ክሎኩን የሚያስተካክለው ሴት አይኦኤስ የሚባለው ፈንክሽን ግን የክሎክ ፍጥነት በተቀየረ ቁጥርም ይጠራል። እዚያ ውስጥ ሳታጣሩ ብታበሩ ቆጠራው ይከማችና ስታጠፉት አይጠፋም። ካበራችሁት በላይ ካጠፋችሁ ደግሞ ሎጉ ላይ «አንባላንስድ ዲሴብልስ» (ያልተመጣጠነ ማጥፋት) የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ሬጉሌተሩ መብራት አለመብራቱን የምትይዝ አንዲት የእውነት ወይም ሐሰት ተለዋዋጭ ትበቃለች።

ፕሮብ ላይ፣ ማለትም ከርነሉ ድራይቨራችሁን ሲያስነሳ በሚጠራው ፈንክሽን ውስጥ፣ ሬጉሌተሩን ስትጠይቁ ስህተት 517 ከመጣ እንዳለ ለከርነሉ መልሱት፤ የሬጉሌተሩ ድራይቨር ገና አልተነሳም ማለት ነው፣ ከርነሉ ቆይቶ ይሞክራል። ብዙዎች «ሬጉሌተር የለም» ብለው ያልፉትና ካርዱ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።