ካሸር በገዛችሁት ዕቃ ላይ አስተያየት ሲሰጥ

ሂሳብ ልትከፍሉ ቆማችሁ ካሸሯ ዕቃውን እያነሳች "ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" ወይም "ዳይት ጀመርሽ እንዴ?" ስትል ማብራሪያ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። ብዙዎቻችን ግን ሳናስበው መዘርዘር እንጀምራለን፤ እንግዳ አለብኝ፣ ለልጆቹ ነው፣ እህቴ ልካኝ ነው እያልን፣ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ እየሰማ። ይቅርባችሁ። ፈገግ ብላችሁ "ሂሳቡ ስንት ሆነ?" በሉ። ወሬው ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል።

አብዛኞቹ ክፋት የላቸውም። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ሥራ መሥራት ይሰለቻል፣ አንዳንድ ቦታም ደንበኛ አጫውቱ ይባላሉ። ስለዚህ ማመናጨቅ አያስፈልግም። የእርግዝና መመርመሪያ፣ ሞዴስ ወይም የኪንታሮት ቅባት ላይ አስተያየት መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅ ፈልጋ ላጣች ሴት በሰው ፊት "እንኳን ደስ አለሽ" መባል ምን ያህል እንደሚያም አስቡት! እንዲህ ሲገጥማችሁ ድምፃችሁን ሳታነሱ "ስለ ዕቃዬ ባናወራ ደስ ይለኛል" በሉ። ከደገመው ሰልፉ ላይ አትከራከሩ። ደረሰኙን ያዙና ለኃላፊው ለብቻው ንገሩት፤ ሰዓቱና የካሸሩ መለያ ብዙ ጊዜ ደረሰኙ ላይ ስለሚኖር ማን እንደነበር ለማወቅ አይከብድም።

ራሳችሁ ስካን አድርጋችሁ የምትከፍሉበት ማሽን ካለ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዕቃ እዚያ ጨርሱ።

ካሸር የሆናችሁም፣ መጫወት ካማራችሁ "እንዴት ዋላችሁ?" ይበቃል።