በአምፖል ሽቦ የጋዝ ግፊት መለኪያ እንዴት እንደሚሠራ

ቀጭን ሽቦ በኤሌክትሪክ ሲግል በዙሪያው ያሉት የጋዝ ሞለኪውሎች እየነኩት ሙቀቱን ይወስዱበታል፤ ጋዙ እየሳሳ ሲሄድ ሙቀት ወሳጆቹ ስለሚመናመኑ ሽቦው ይበልጥ ይግላል፣ ሬዚስታንሱም ይጨምራል። የፊዚክስ ሊቁ ማርቼሎ ፒራኒ በ1906 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው መለኪያ የተመሠረተው በዚህ ላይ ሲሆን፣ ዛሬ በሲሊከን ላይ የሚሠሩት ደቃቅ የሙቀት ሴንሰሮችም መነሻቸው ይኸው ነው። እኔ ጅማ ውስጥ የሠራሁት ከሁለት የመኪና ዳሽቦርድ አምፖሎች ነው።

ከአንድ እሽግ ሬዚስታንሳቸው የተቀራረበ ሁለት አምፖሎች ይምረጡ። አንዱን እንደታሸገ ይተዉት። የሌላውን የብርጭቆ ጫፍ በደቃቅ ሞረድ ቀስ እያሉ ይፋቁ፤ ብርጭቆው በድንገት ከተሰበረ ሽቦው ሊበጠስ ይችላል። የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ ግዴታ ነው።

የተከፈተውን አምፖል በአጭር የፍሪጅ መዳብ ቱቦ ውስጥ አስገብተው የሽቦዎቹን መውጫ በኤፖክሲ ይድፈኑ። ሲሊኮን ማሸጊያ ጋዝ ስለሚያሳልፍ አልመክረውም። ከዚያም ሁለቱን አምፖሎች ከሁለት እኩል ሬዚስተሮችና ከአንድ አነስተኛ ቫሪያብል ሬዚስተር ጋር በዊትስቶን ድልድይ (የሬዚስታንስ ልዩነትን በሚሊቮልት የሚያሳይ የአራት ክንድ ሰርኪዩት) ያገናኙ። ቮልቴጁን ከግማሽ ቮልት ይጀምሩ፤ የአምፖሉ ሽቦ የተሠራበት ብረት፣ ተንግስተን፣ አየር ባለበት ከቀላ ስለሚቃጠል፣ ሽቦው በጨለማ እንኳ ሊቀላ አይገባም። የታሸገው አምፖል የክፍሉን ሙቀት ከተከፈተው እኩል እንዲቀበል ከቱቦው ጎን አስረው ያስቀምጡት።

ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ልኬቱን ማስተካከሉ ነው። የፍሪጅ ጠጋኞች ቫኪዩም ፓምፕ ላይ የሚገጠመው ባለ መርፌ ጌጅ የሚያሳየው በውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 820 ሚሊባር አካባቢ ነው፤ በመሆኑም በባሕር ዳርቻ ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ የሚደርሰው መርፌ እዚህ 24 ገደማ ላይ ይቆማል። እኔ ይህን ሳላገናዝብ ቱቦው ያፈሳል ብዬ ኤፖክሲውን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፤ ይባስ ብሎ የጎደለውን 6 ኢንች ቱቦው ውስጥ የቀረ አየር አድርጌ በመቁጠር የግፊትና የሚሊቮልት ሰንጠረዤን በሙሉ አበላሸሁ። መርፌው ከቆመ በኋላም የድልድዩ ሚሊቮልት መለዋወጡን ቀጥሎ ነበር፤ ጋዙ ገና እየሳሳ መሆኑን ሽቦው እየነገረኝ ልብ አላልኩም።

ስለዚህ ፍጹም ግፊት (ከውጭው አየር ሳይሆን ከባዶ ቫኪዩም ተነሥቶ የሚቆጠር ግፊት) የሚያነብ ዲጂታል ጌጅ ተውሰው ከቱቦው ጋር ያያይዙ። ፓምፑ የመጨረሻ አቅሙ ላይ ሲደርስ ድልድዩን በቫሪያብል ሬዚስተሩ ዜሮ ያድርጉ፤ ከዚያም አየር በጥቂት በጥቂቱ እያስገቡ ግፊቱንና ሚሊቮልቱን ጎን ለጎን ይመዝግቡ። ከአሥር ሚሊባር በላይ ንባቡ እምብዛም ካልተለወጠ አይደንግጡ፤ በአምፖሉ ሽቦና በብርጭቆው መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ስለሆነ፣ በዚያ ግፊት የጋዙ ሙቀት አስተላላፊነት ከግፊቱ ጋር መለወጡን ያቆማል ማለት ይቻላል። የሲሊከኖቹ ሴንሰሮች ከፍ ያለ ግፊት የሚለኩት በጋለው አካልና በቀዝቃዛው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ስለሆነ ነው።

ሂሊየም ከአየር ይልቅ ሙቀትን በጣም ስለሚያስተላልፍ፣ አርጎን ደግሞ ስለሚያንስ፣ ሰንጠረዡ ላይ «ለአየር ብቻ» ብለው ይጻፉበት።