የቀደመው ቃል አዲሱን ሲሻማ፦ የሥራ ማህደረ ትውስታን ቤት ውስጥ መፈተሽ

የሥራ ማህደረ ትውስታ የምንለው አንድን ነገር ለጥቂት ሰከንድ በአእምሮ ይዞ የመቆየት ችሎታ ነው። አሁን የሰማነውን ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ስንጠየቅ ግን ቀደም ብሎ የሰማነው ይቀድመናል። ይህን ለማየት አራት ወረቀት፣ ሰዓትና አንድ ፈቃደኛ ሰው ይበቃል።

በሦስቱ ወረቀቶች ላይ የእንስሳት ስም ይጻፉ፦ «በግ፣ አህያ፣ ዝንጀሮ»፤ «ላም፣ ቀበሮ፣ ግመል»፤ «ፈረስ፣ ጅብ፣ ድመት»። በአራተኛው ላይ ሙያ ይሁን፦ «አናጢ፣ ሐኪም፣ ዳኛ»። እንደ «ጅብ» እና «ጅግራ» በድምፅ የሚቀራረቡ ቃላትን አያስገቡ፤ እነሱ ሌላ ዓይነት ስህተት ይጠራሉ። ምድቡ እንደሚቀየር ለተፈታኙ አይንገሩ።

የመጀመሪያውን ወረቀት በሰከንድ አንድ ቃል ያንብቡለት። ወዲያው «417» ይበሉትና እየጮኸ በሦስት በሦስት ወደ ኋላ ይቁጠር፦ 414፣ 411፣ 408... በ18ኛው ሰከንድ አስቁመው ቃላቱን ይጠይቁ፤ 10 ሰከንድ ይስጡት። ሳያሳርፉ ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ የመነሻ ቁጥሩን ግን በየዙሩ ይቀይሩ። ቆጠራው ለማድመቂያ አይደለም፤ አፉ ሥራ ከፈታ ቃላቱን በሆዱ ይደጋግምና ሁሉንም ይመልሳል።

ከውጤቱ ይልቅ ስህተቱን ልብ ይበሉ። በሦስተኛው ዙር «ፈረስ፣ ጅብ፣ ግመል» ካለ «ግመል»ን ከራሱ አልፈጠረውም፣ ከሁለተኛው ዙር አምጥቶታል። ስለዚህ የተሳሳተውን ቃል እንዳለ ይጻፉት።

አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ዙር ሙሉ ለሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ይመለሳል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይወርዳሉ፣ አራተኛው ያንሰራራል። ጊዜ ብቻውን የሚያስረሳ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውም ይጠፋ ነበር፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኬፔልና አንደርዉድ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳዩት ይህንኑ ነው። ችግሩ ፍለጋው ላይ ነው፦ «እንስሳ» የሚለው ፍንጭ ዘጠኝ ስም አንድ ላይ ይጎትታል፤ «ሙያ» ግን ሦስት ብቻ። የቱ የአሁኑ፣ የቱ ያለፈው እንደሆነ የመለየቱ ሥራ በተለይ በግራ የፊት አንጎል የታችኛው ክፍል ላይ ይወድቃል።

አራተኛው ዙር ካልተሻሻለ መጀመሪያ ቆጠራውን ይጠርጥሩ፤ ቆጠራው ከላላ ሁሉም ዙር ስለሚመለስ የሚሻሻል ነገር አይኖርም። ሁለተኛና ሦስተኛው ካልወረዱ ደግሞ በዙሮቹ መካከል ምን ያህል እንደቆዩ ያስቡ፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ዕረፍት መሻማቱን በእጅጉ ያረግበዋል። አንድ ሰው በአጋጣሚም ሊስት ስለሚችል ስድስት ወይም ስምንት ሰው ይፈትኑና፣ ማንሰራራቱ ከምድቡ መቀየር የመጣ መሆኑን ለማነጻጸር ለግማሾቹ አራተኛውንም ዙር እንስሳ ያድርጉት፦ «ውሻ፣ አንበሳ፣ ጦጣ»።