ሩዛችሁ ስንት ደቂቃ ይፈልጋል? በብርጭቆ ይለካል

የሩዝ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ብዙ አትመኑት። በአብዛኛው የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ዝቅተኛ አገር ነው። ከፍ ያለ ቦታ በሆኑት ለገጣፎ ወይም ቡራዩ ላይ ግን ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ሱሉልታ ላይ የሚፈላበት ሙቀት ከዚያም ትንሽ ይወርዳል። እሳቱን ብታነዱት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ከሱቅ፣ ከማዳበሪያ እየተቀዳ በኪሎ የሚሸጠው ሩዝ ደግሞ ጭራሽ ምንም አልተጻፈበትም።

ስለዚህ ራሳችሁ ለኩት። የምግብ ሳይንስ ላብራቶሪዎች የሚሠሩበት ቀላል ዘዴ አለ። የሚያስፈልገው አንድ የብርጭቆ ሰሃን፣ ቂጡ ጠፍጣፋ የሆነ ብርጭቆ እና ሰዓት ብቻ ነው።

በመጀመሪያ አንድ እፍኝ ሩዝ ጥቁር ጨርቅ ላይ በትናችሁ ስብርባሪውን ልቀሙ። ስብርባሪ ቀድሞ ይበስላል፤ ሙሉው ፍሬ እስኪደርስ እሱ ገንፎ ይሆናል። የፎገራ ሩዝ በትንንሽ መፈልፈያ ሲያልፍ ስብርባሪው ሊበዛ ይችላል። በዚህ ግን ሩዙን አትናቁት። ሆዱ እንደ ኖራ የነጣ ፍሬም ታገኛላችሁ። እሱ ስታርቹ (ፍሬውን የሞላው ዱቄት መሰል ነገር) ላላ ብሎ የተከማቸ፣ በመሃሉ አየር የቀረበት ነው። ሲፈለፈል ቶሎ የሚሰበረውም ይኸው ነው።

አሁን በትንሽ ድስት በዛ ያለ ውሃ አፍሉና የተለቀመውን ጨምሩ። ሰዓት ያዙ። ከ10ኛው ደቂቃ ጀምሮ በየደቂቃው 10 ፍሬ አውጡ፣ ሰሃኑ ላይ አድርጉ፣ በብርጭቆው ቂጥ ተጫኑት። ፍሬው ሲዳመጥ መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ እምብርቱ ገና ጥሬ ነው። ከ10ሩ 9ኙ ነጥብ አልባ ሲሆኑ ሩዙ በስሏል። ደቂቃውን ጻፉት፤ ያ የእናንተ ሩዝ፣ በእናንተ ሰፈር የሚፈልገው ጊዜ ነው።

92 ዲግሪ ያንሳል ብላችሁ አትስጉ። የሩዝ ስታርች ውሃ ስቦ የሚያብጠውና የሚለሰልሰው እንደ ዝርያው ከ55 እስከ 79 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ችግሩ ጊዜ ብቻ ነው። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ብትዘፈዝፉት እሱም ያጥራል።

የበሰለውን ሙከራ አትድፉት። ከድናችሁ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩትና በጣት ንኩት። ደረቅ ብሎ ከተነጣጠለ አሚሎዝ የሚባለው የስታርች ዓይነት በዝቶበታል፤ ከስታርቹ 25 በመቶ ካለፈ ከፍተኛ ይባላል። እንዲህ ያለው ለሩዝ በአትክልት ጥሩ ነው፤ ውሃም ይወዳል። እርስ በርሱ ተጣብቆ ለስላሳ ከሆነ አሚሎዙ ዝቅተኛ ነው፤ ለሾርባና ለልጆች ምግብ አውሉት፣ ውሃውንም ቀንሱ። ከታጨደ የቆየ ሩዝ ከአዲሱ የበለጠ ውሃ እንደሚጠጣም አስቡ።

ስለ ማጠብ የሚወራው በእኔ አስተያየት ተጋኗል። ማጠብ ላዩ ላይ ያለውን ዱቄት ያነሳል፣ ጥሩ ነው። የሚጣበቅ ዝርያን ግን የማይጣበቅ አያደርገውም።

ዋናውን ድስት ስትጥዱ ለአንድ ስኒ ሩዝ በሁለት ስኒ ውሃ ጀምሩ፤ ከዚያ በሙከራው ውጤት ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ክዳኑ ገጣሚ ይሁን፤ ሩዙ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ እንፋሎቱ ካመለጠ ውሃው ቀድሞ ያልቃል።

የተረፈውን ሰፊ ሳህን ላይ ዘርጉና በረድ ሲል ወዲያው ፍሪጅ አስገቡት። ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ስፖሩ (ሙቀትን የሚቋቋም ዘር መሰል ቅርጹ) ከፈላ ውሃ ይተርፋል። ሩዙ ውጭ ካደረ ይራባል፤ የሚያስመልሰው መርዙ ደግሞ ዳግም በማሞቅ አይጠፋም። ፍሪጅ ውስጥ የጠነከረውን ሩዝ በማግስቱ ውሃ እርጭ አድርጋችሁ፣ ከድናችሁ በደንብ አሙቁት፤ ይለሰልሳል።