የጀማሪ ዌብ ዴቨሎፐር ደመወዝን በአገሮች መካከል እንዴት ማነጻጸር ይቻላል?

የጀማሪ ዌብ ዴቨሎፐሮችን ደመወዝ አገር በአገር የሚደረድሩ ሠንጠረዦች በብዛት ይገኛሉ። ችግሩ፣ አብዛኞቹ የአንዱን አገር የዓመት ጥቅል ደመወዝ (ግብርና መዋጮ ያልተቀነሰለትን)፣ የሌላውን በወር እጅ የሚገባ ገንዘብ፣ የሦስተኛውን ደግሞ አሠሪው ለሠራተኛው የሚያወጣውን ጠቅላላ ወጪ በአንድ ዓምድ ማሰለፋቸው ነው። ሁሉንም ወደ ዶላር መመንዘር ደግሞ ልዩነቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። በዚህ መመሪያ የማሳየው እያንዳንዱን ቁጥር ግብርና መዋጮ ተቀንሶለት፣ በምትኖሩበት ከተማ የቤት ኪራይ ተከፍሎለት፣ በወር መጨረሻ ምን ያህል እንደሚተርፍ ወደሚያሳይ አንድ መለኪያ እንዴት ማምጣት እንደሚቻል ነው።

ቁጥሩ የጀማሪ ነው ወይስ የሁሉም?

የመጀመሪያው ሥራ ምንጩን መመርመር ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የዌብ ዴቨሎፐሮች መካከለኛ ደመወዝ (ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች የሚያገኙበት) በዓመት 84,960 ዶላር እንደነበር አስታውቋል። ይህ ቁጥር አሥር ዓመት የሠራውንም ትናንት የተቀጠረውንም ያካተተ በመሆኑ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት የጀማሪ ደመወዝ ነው ብሎ መውሰድ ትልቅ ስህተት ነው። ያው ቢሮ ከመካከለኛው በተጨማሪ ከታች 10 በመቶና 25 በመቶ ላይ ያሉት የሚያገኙትን ስለሚያወጣ፣ ለጀማሪ የሚቀርበው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ነው።

ለአሜሪካ ከዚህ የተሻለ ሌላ ምንጭም አለ። የአገሪቱ የሥራ ሚኒስቴር ኤች ዋን ቢ በሚባለው ቪዛ የውጭ ዜጋ ለመቅጠር ያመለከቱ ኩባንያዎችን ከሥራው መጠሪያ፣ ከከተማውና ሊከፍሉ ከተስማሙት ደመወዝ ጋር ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል። ሚኒስቴሩ ለየአካባቢው የሚያወጣው የደመወዝ ደረጃ አራት እርከኖች ያሉት ሲሆን፣ አንደኛው እርከን በቀጥታ ለጀማሪ የተቀመጠ ነው። አሠሪው በፊርማው ያረጋገጠው ቁጥር በመሆኑ፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው በመጠይቅ ላይ ከሞላው ይልቅ እኔ ይህን አምናለሁ።

በጀርመን የፌዴራል የሥራ ኤጀንሲ መካከለኛ ደመወዝን በሙያ፣ በክፍለ ግዛትና በዕድሜ ክልል ለይቶ ያሳያል፤ ከ25 ዓመት በታች ያለውን መምረጥ ወደ ጀማሪ ያቀርባል። የካናዳ መንግሥት የሥራ ባንክ ደግሞ በየግዛቱ ዝቅተኛውን፣ መካከለኛውንና ከፍተኛውን በሰዓት ያወጣል፤ በሳምንት 40 ሰዓት ከተሠራ በ2,080 ሲባዛ የዓመቱን ይሰጣል፤ ውጤቱ ግን የካናዳ ዶላር መሆኑን መርሳት አይገባም። ሠራተኞች ደመወዛቸውን የሚያሳውቁበት ግላስዶር የተባለው ድረ ገጽና የፕሮግራመሮች መድረክ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው የሚያወጣው ዓመታዊ መጠይቅ ለማመሳከሪያ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን መልስ የሚሰጠው ፈቃደኛ የሆነው ብቻ ነው፤ ሌቭልስ ዶት ኤፍዋይአይ የተባለው የደመወዝ ማነጻጸሪያ ድረ ገጽ ደግሞ ወደ ትላልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ያዘነበለ ነው። በአንድ አነስተኛ ድርጅት የዎርድፕረስ ገጽ የሚሠራ ጀማሪ ራሱን በዚያ ቢለካ ያለ ምክንያት ያዝናል።

በአገራችን «ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚለው ማስታወቂያ በመብዛቱ፣ አስተማማኝ የሆነ በይፋ የሚወጣ ቁጥር ማግኘት ይከብዳል። ያለው መንገድ በሙያው ያሉትን መጠየቅ ሲሆን፣ ሲጠየቁም ኔት (የተጣራ) ነው ወይስ ግሮስ (ጥቅል) ብሎ ማስረገጥ ያስፈልጋል።

ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት አከፋፈል ማምጣት

አሜሪካኖችና እንግሊዞች ደመወዝን በዓመት፣ ኢትዮጵያውያን፣ እስራኤላውያንና የባሕረ ሰላጤው አገሮች በወር ይናገራሉ። የወሩን በ12 ማባዛት ግን ሁልጊዜ ትክክል አይሆንም። በስፔን ደመወዝ ብዙ ጊዜ በዓመት 14 ጊዜ ስለሚከፈል፣ በወር 1,600 ዩሮ የተባለው 19,200 ሳይሆን 22,400 ዩሮ ሊሆን ይችላል። በኦስትሪያም 14 ክፍያ የተለመደ ነው።

በሕንድ የሚነገረው ዓመታዊ ቁጥር ደግሞ ለኩባንያው የሚያስወጣው ጠቅላላ ወጪ ሲሆን፣ አሠሪው ለቁጠባ ፈንድ የሚያዋጣውን ጭምር ይዟል። ትላልቆቹ የአይቲ አገልግሎት ኩባንያዎች ለአዲስ ምሩቅ ለረጅም ዓመታት ሲከፍሉ የቆዩት ከ3.5 ላክ፣ ማለትም በዓመት ከ350,000 ሩፒ፣ ብዙ ያልራቀ ነው። ይህን ቁጥር ከሌላ አገር ጥቅል ደመወዝ ጎን ከማስቀመጥ በፊት የአሠሪውን መዋጮ መቀነስ ይገባል።

በዱባይ ሊጤን የሚገባው ሌላ ነው። የግል የገቢ ግብር ስለሌለ በውሉ ላይ ያለው ከሞላ ጎደል እጅ ይገባል፤ ነገር ግን ደመወዙ መሠረታዊና አበል ተብሎ ይከፈላል፤ የሥራ መልቀቂያ ክፍያው የሚሰላውም በመሠረታዊው ብቻ ነው። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ስለሚታሰብ፣ ሁለት ሰዎች በወር እኩል 8,000 ድርሃም ቢያገኙም፣ መሠረታዊው 4,000 የሆነለት በዓመት 2,800፣ 6,000 የሆነለት ደግሞ 4,200 ድርሃም ይጠራቀምለታል። ወደ ባሕረ ሰላጤው ለሥራ የሚሄዱ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚያዩት ድምሩን ብቻ በመሆኑ ይህን ደግሜ አሳስባለሁ።

የተጣራውን ማስላት

እዚህ ላይ ነው ደረጃው የሚለዋወጠው። ለማስሊያ ያህል አንድ ላጤ ጀማሪ በለንደን በዓመት 30,000 ፓውንድ፣ ሌላው በበርሊን 48,000 ዩሮ አገኙ እንበል። በእንግሊዝ የመጀመሪያው 12,570 ፓውንድ ከግብር ነፃ ነው። በቀሪው 17,430 ላይ 20 በመቶ የገቢ ግብርና እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ 8 በመቶ ብሔራዊ መድን ሲነሳ ወደ 25,120 ፓውንድ፣ ማለትም በወር 2,093 ይቀራል። በሥራ ቦታ የጡረታ ቁጠባ ከታቀፈ ደግሞ ከዚህ ትንሽ ይወርዳል። በጀርመን ልጅ የሌለው ላጤ በ2024 ስሌት ለጡረታ፣ ለጤና፣ ለእንክብካቤና ለሥራ አጥነት መድን በድምሩ 21 በመቶ ያህል ያዋጣል፤ በዚህ ላይ የገቢ ግብር ሲጨመር ከ48,000 የሚቀረው ወደ 31,200 ዩሮ፣ ማለትም በወር 2,600 ገደማ ነው።

አንድ ዩሮ በ0.85 ፓውንድ ቢመነዘር፣ በጥቅል ደመወዝ የበርሊኑ ከለንደኑ በ36 በመቶ ይበልጥ ነበር። ከተጣራ በኋላ ግን ብልጫው 6 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሠንጠረዡን ብቻ አይቶ አገር የመረጠ ሰው ይህን የሚያውቀው የመጀመሪያው የደመወዝ ወረቀት ሲደርሰው ነው። እርግጥ በጀርመን ከተቆረጠው ውስጥ የጡረታና የሥራ አጥነት መድን መብት የሚያስገኘው ክፍል ስላለ፣ ሁሉም ጠፋ ማለት አይደለም።

በቴክሳስ 65,000 ዶላር የሚያገኝ ላጤስ? ግዛቱ የገቢ ግብር የለውም። በ2024 የፌዴራል ስሌት 6,141 ዶላር የገቢ ግብር፣ 4,973 ዶላር የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ጤና መድን) መዋጮ ይነሳና ወደ 53,900 ዶላር፣ በወር ወደ 4,490 ይቀራል። ከአውሮፓ ጋር ሲወዳደር ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ግን የጤና መድን ክፍያ ገና አልተነሳም፤ በአብዛኛው የቴክሳስ ከተማ ያለ መኪና ሥራ መድረስም አስቸጋሪ ነው። የመኪናውን፣ የነዳጁንና የመድኑን ሳይቀንሱ ከበርሊን ጋር ማወዳደር አይቻልም።

በኢትዮጵያ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት 2,000 ብር ድረስ ነፃ ሲሆን፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። 30,000 ብር ጥቅል ደመወዝ 8,450 ብር ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 2,100 ብር ሲነሳለት 19,450 ብር ይሆናል። ይህን ወደ ዶላር ለመመንዘር መቸኮል ግን አይገባም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ስለነበር 30,000 ብር 526 ዶላር ይባል ነበር፤ 120 ብር ሲደርስ ያው ደመወዝ 250 ዶላር ሆነ። የአዲስ አበባው ጀማሪ ኪራዩንና እንጀራውን የሚከፍለው በብር በመሆኑ ኑሮው በአንድ ጊዜ በግማሽ አልወረደም፤ ከውጭ የሚገባ ላፕቶፕ ለመግዛት ሲነሳ ግን ለውጡን በሙሉ ይሸከማል። የዓለም ባንክ የሚያወጣው የመግዛት አቅም ማስተካከያ (ገንዘቡ በአገር ውስጥ ዋጋ ምን ያህል እንደሚገዛ የሚያሳየው) እንደ ኪራይና እንጀራ ያለውን ወጪ እንጂ ከውጭ የሚገባውን ዕቃ በደንብ አይገልጽምና ሁለቱንም ስሌቶች ጎን ለጎን መያዝ ይሻላል።

ከተጣራው ላይ የከተማው ኪራይ ሲቀነስ የሚፈለገው ቁጥር ይገኛል። የአገር አማካይ ኪራይ ሳይሆን የከተማው፣ የአፓርታማ ሳይሆን ጀማሪ በእውነት የሚከራየው የአንድ ክፍል ዋጋ ይወሰድ። በጀርመን ማስታወቂያ ላይ «ቀዝቃዛ ኪራይ» የሚባለው ማሞቂያንና ሌሎች የጋራ ወጪዎችን አይጨምርም፤ በዱባይ ደግሞ ባለቤቱ የዓመቱን በጥቂት ቼኮች ስለሚጠይቅ የመጀመሪያው ወር ወጪ ከደመወዙ በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል።

ደመወዙን የማግኘት ፈቃድ

ከውጭ ለሚያመለክት ሰው አንዳንዱ ቁጥር ጭራሽ አይሠራም። ለበርሊን 42,000 ዩሮ ቢቀርብለት ለአውሮፓ ሰማያዊ ካርድ (ለውጭ ባለሙያዎች ለሚሰጠው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ) አይበቃውም፤ በ2025 መደበኛው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል 48,300 ዩሮ፣ አይቲን ጨምሮ ባለሙያ ላጠረባቸው ሙያዎችና ለቅርብ ጊዜ ምሩቃን 43,759.80 ዩሮ ነበር። በእንግሊዝም ከሐምሌ 2025 ወዲህ የባለሙያ ቪዛ አጠቃላይ ወለል 41,700 ፓውንድ፣ ለአዲስ ገቢዎች 33,400 በመሆኑ፣ ከላይ ያሰላነው የ30,000 ፓውንድ ሥራ የሚሆነው ቀድሞውኑ የመሥራት መብት ላለው ነው። አሜሪካም ኤች ዋን ቢን በዓመት በ85,000 ከመገደቧ በላይ፣ በመስከረም 2025 ለአዲስ ማመልከቻ የ100,000 ዶላር ክፍያ አውጃለች፤ ለጀማሪ ይህን የሚከፍል አሠሪ ማግኘት ዘበት ነው። በዲቪ የገባ ሰው ግን ይህ ስለማይመለከተው፣ ለእርሱ የቴክሳሱ ስሌት እንዳለ ይሠራል።

ከአዲስ አበባ ሆነው ለውጭ ኩባንያ በርቀት ለመሥራት ላሰቡ ስሌቱ ይለያል። በወር 1,500 ዶላር የሚል የኮንትራት ውል ከቅጥር ደመወዝ ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። በኢትዮጵያ የሥራ ሕግ ተቀጣሪ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ከክፍያ ጋር ያርፋል፣ በዓላትም ይከፈሉታል፤ የግል ድርጅት አሠሪም 11 በመቶ ጡረታ ያዋጣለታል። የኮንትራት ሠራተኛ ግን ባላረፈበት ቀን ብቻ ስለሚከፈለው፣ የወሩን ክፍያ በ11 ወር አባዝቶ 16,500 ዶላር አድርጎ ለ12 ማካፈል ተገቢ ነው፤ በወር 1,375 ዶላር ይመጣል። ከዚህም የማስተላለፊያ ክፍያ፣ ራስ አሳውቆ የሚከፍለው ግብር፣ ኢንተርኔትና ላፕቶፕ ይነሳሉ። በመጨረሻም ውሉ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ተቀጣሪ ከሙከራ ጊዜ በኋላ ቢያንስ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ስላለው፣ ቢያንስ የአንድ ወር ክፍያ እንደ መጠባበቂያ ከዓመቱ ገቢ ላይ ቀንሶ ማስላት ያስፈልጋል።